የዘመቱትን በስም፣ የቀሩትን በደጅ እናስብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተጀመረው ጦርነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆሟል። በብዙ ቤት ግን ገና አላበቃም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ መርዶ ሲነገር፣ ስንቱ ቤተሰብ የሞተ ልጁን በሕይወት አለ ብሎ ሲጠብቅ እንደከረመ ታይቷል። በሌሎች ክልሎችም የዘመተ ልጃቸውን ወሬ ሳይሰሙ ዓመታት ያለፉባቸው እናቶች አሉ። ዛሬም በሀገር ውስጥም ሆነ በሶማልያ በግዳጅ ላይ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። እነዚህን በጸሎት የምናስባቸው እንዴት ነው?

ቤተ ክርስቲያን ወታደርን ከጸሎቷ ለይታ አታውቅም። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ወጥቷል። ያ ዘመቻ ግን የመጣን ወራሪ ለመመለስ ነበር። በቅርቡ ያየነው ጦርነት ከዚህ ይለያል። በሁለቱም ወገን የቆሙት ብዙዎቹ በአንዲት ጥምቀት የተወለዱ፣ ማዕተብ በአንገታቸው ያሰሩ ናቸው። ስለዚህ ጸሎታችን «የእኛን ወገን አሸንፍልን» በሚል ብቻ ሊወሰን አይችልም። የአንዲቱ እናት ልመና የሌላይቱን ልጅ ሞት መጠየቅ ይሆናልና።

ታዲያ ምን እንለምን? ወታደሮች ወደ ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ቀርበው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ፣ ማንንም እንዳይነጥቁ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው (ሉቃ. 3፥14)። እኛም የዘመተው አካሉ ከጥይት፣ ነፍሱ ከበደል ተጠብቃ እንዲመለስ እንለምን። በሰላም ገብቶ የድሀ እንባ የሚከተለው ሰው በሙሉ አልተመለሰም። የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስም ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር ያረገለት ወታደር ነበር (ሐዋ. 10)።

ጸሎቱ የቀሩትንም ሊያካትት ይገባል። የዳዊት አባት እሴይ ሦስት ልጆቹ ከሳኦል ጋር ዘምተው ሳሉ፣ ታናሹን የተጠበሰ እሸትና ዐሥር እንጀራ አስይዞ ላከው። ደኅንነታቸውን እንዲጠይቅና ምልክት እንዲያመጣለትም አዘዘው (1ሳሙ. 17፥17-18)። አባት ከጦር ሜዳ የፈለገው የድል ዜና አልነበረም፤ የልጆቹን ደኅንነት እንጂ። ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ የሚደነግጥ ወላጅ ከዚህ የተለየ አይሻም።

ከሁሉ የከበደው ግን የጠፉት ነገር ነው። «ፍትሐት ብናስደርግ ተስፋችንን ቀበርን፤ ባናስደርግ ነፍሱን በደልን» የሚል ጭንቀት ብዙዎችን ያስጨንቃል። ጎረቤትም «እርማችሁን አውጡ» ወይም «አለ፣ ጠብቁ» እያለ ሸክሙን ያከብደዋል። እኛ የምንለው፣ ቤተሰቡን ማንም አያጣድፈው ነው። ጉዳዩን ከነፍስ አባት ጋር በትዕግሥት መመካከር ይገባል። እስከዚያው ግን የክርስትና ስሙን ጠርቶ መጸለይ የሚከለከል የለም። የት እንዳለ እኛ ባናውቅም እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን ናቸውና (ሉቃ. 20፥38)።

በቅዳሴያችን ስለ ሰላም፣ ስለ ታመሙት፣ ስለ መንገደኞች እንድንጸልይ ዲያቆኑ ያዝዛል። ያን ጊዜ የምናውቀውን አንድ ሰው በስሙ እናስብ። ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች በአጥቢያቸው ልጅ ወይም ባል የዘመተባቸውን ቤቶች ለይተው ይወቁ፤ የጽዋ ማኅበራትም ከጸሎታቸው በኋላ ወደ እነዚያ ቤቶች ይሂዱ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ተሟልቷልን? በመኸር ጊዜ እርሻውን የሚያግዝ አለን? የቆሰለውን ማን ይጠይቀዋል? የሚበላ ያጣውን «በሰላም ሂዱ፣ ጥገቡ» ብሎ ብቻ መሸኘት እንደማይጠቅም ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሮናል (ያዕ. 2፥16)። እሴይም ደኅንነታቸውን ያስጠየቀው እንጀራ ልኮ ነው።

የሰላም አለቃ ጌታችን የዘመቱትን በሰላም ይመልስልን፤ ያንቀላፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ የሚጠብቁትን ያጽናናልን፤ ሁለቱንም ወገን ያስታርቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።