ከትሏ በኋላ

በአነቃቂ ንግግር መድረኮቻችን ላይ እንደ ቅዱስ ያሬድ ትል የደከመ ፍጡር የለም። ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ከአክሱም የኮበለለው ልጅ፣ ማይ ኪራሕ በሚባል ቦታ ከዛፍ ሥር ተጠለለ፤ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፤ ተመለሰ፣ ተማረ። ተናጋሪው እዚህ ላይ ይቆምና «እናንተስ?» ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ከዚያ ወሬው ወደ ቢዝነስ ይዞራል።

እኔን የሚከነክነኝ ታሪኩ እዚያ አለማለቁ ነው። በግንቦት 11 የሚነበበው ስንክሳር ሌላም ይነግረናል። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር የዘማሪው እግር ላይ ይተክለዋል። ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አላወቁም። በኋላ ንጉሡ ደንግጦ የወደደውን እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ያሬድ የጠየቀው ስንብት ነበር፤ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ሰሜን ተራሮች ገባ፣ መነነ። ታዲያ ትሏን የስኬት ምሳሌ ያደረገ ሰው ይህን የት ሊያስገባው ነው? ልጁ እኮ ዛፉ ጫፍ ሲደርስ ትቶት ሄደ!

ጽናትን በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው ከአዳራሹ ይልቅ የያሬድ የዜማ መጽሐፍ ከሆነው ከድጓ አንድ ገጽ ቢገልጥ ይሻለዋል። ከግእዙ መስመር በላይ ደቃቅ ምልክቶች ተጨናንቀው ይታያሉ፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ። ከእነሱ ጋር አንድ ሁለት እየሆኑ የተጻፉ ጥቃቅን ፊደላት አሉ፤ ከሌላ የዜማ ሐረግ በምሕጻር የተወሰዱ ናቸው። ያንን ሐረግ አስቀድሞ በቃሉ የያዘ ሰው ሲያያቸው ዜማው ይመጣለታል። ያልያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያፈጥባቸውም አንዳች አይነግሩትም። መጽሐፉን ገዝቶ ቤት ቁጭ ብሎ ድጓ መማር የማይሞከረው ለዚህ ነው። መምህሩ ፊት ተቀምጦ መቀጸል፣ መሳት፣ መታረም፣ ነገ ያንኑ መልሶ ማለት ያስፈልጋል። የድጓ መምህርነቱን ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም የሚወርደው ሰው ይህን ሲያደርግ ዓመታት አልፈውታል። «ስሜቴ ሲመጣ እሠራለሁ» የሚል የጥበብ ሰው (ብዙ ነን) እዚያ ቤት አንድ ክረምት የሚዘልቅ አይመስለኝም።

በእኛ ዘመን ጽናትንም ትቶ መሄድንም በፒያኖ ያሳዩን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ስዊዘርላንድና ካይሮ ተምረው፣ ለንደን ሄደው ሙዚቃ ለማጥናት ያገኙት ዕድል ሲከለከሉ ግሸን ማርያም ገቡ፤ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ ሸክላ አሳትመው ገቢውን ለወላጅ አልባ ልጆች አዋሉት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ያረፉት በኢየሩሳሌሙ የኢትዮጵያውያን ገዳም ሳሉ፣ በ99 ዓመታቸው ነው። «ምነው ያኔ ለንደን በሄዱ!» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ሄደው ቢሆን ጥሩ ፒያኒስት እናገኝ ነበር ይሆናል፤ የማኅሌቱ ዜማ ከምዕራቡ ክላሲክ ጋር አብሮ የሚፈስበትን ያንን አጨዋወት ግን የምናገኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር እንዳይምታታ ግን እፈልጋለሁ። ያሬድም እማሆይም የሚተዉት ነገር ነበራቸው፤ ወደው ተዉት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን እንጂ ረሃቡን አልመረጠም። ረሃቡ የእኛ ቸልተኝነት ነው፤ ምናኔ ብለን ልናስጌጠው አይገባም። ቸልተኝነታችን ተምሮ ለጨረሰውም አይቀርለትም፤ የገና ማኅሌት ሲቆም ስልኩን ከፍ አድርጎ መሪጌታውን የማይቀርጽ ምእመን ጥቂት ነው። መሪጌታው በወር ስንት እንደሚከፈላቸው የጠየቀ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።