ዶሮዎቹን ማን ፈጃቸው?

ዛሬ የምናነሣው ነገር ተራ መስሎ ይታይህ ይሆናል። ነገር ግን ደመወዙ እስከ ወር መጨረሻ የማያደርሰው ጸሐፊም ሆነ እናቱ እንቁላል ሸጣ ደብተር የምትገዛለት ተማሪ፣ በጓሮ የሚጭሩት አምስት ስድስት ዶሮዎች የቤቱ ድጋፍ መሆናቸውን ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ከተማሪዎቼ አንዱ ዓይኑ ቀልቶ ክፍል ገባ። ምነው ብለው፣ በዚያው ሌሊት አራት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ተፈጅተውባቸው ኖሯል። ጎረቤቱ ሁሉ «ይኸማ የራሳችሁ ውሻ ሥራ ነው» ብሎ ስለ ፈረደ፣ እናቱ ውሻውን በመርዝ ለማስገደል ቈርጠዋል። ልጁ ደግሞ ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው።

ከትምህርት በኋላ አብሬው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ውሻው ላይ ፈርጄ ነበር። ዶሮዎቹ ገና አልተጣሉም፤ አንገታቸው ላይ ትንንሽ የጥርስ ቀዳዳ ይታያል፤ የሁለቱ ራስ ተበልቷል፤ የቀረው ገላቸው አልተነካም። የዶሮ ቤቱ በር እንደ ተዘጋ ነው፤ ከጣራው ሥር ግን ጭብጥ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ውሻ በዚያ እንደማይገባ እናቱ ራሳቸው አዩ። ምልክቱ ሁሉ የሽለምጥማጥ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከመፍረድህ በፊት ምልክቱን መርምር። ጫጩት በቀን ብርሃን ያለ አንዳች ምልክት ከጠፋ ጭልፊትን ወይም ድመትን ጠርጥር። ላባው በግቢው ተበትኖ ዶሮዋ ተዘንጥላ ሳትበላ ከቀረች፣ ብዙውን ጊዜ ውሻ ሲጫወት ያደረሰው ጉዳት ነው። ከግድግዳው ሥር መሬቱ ተቈፍሮ ዶሮዋ ከተወሰደች ቀበሮን አስብ። በሌሊት ብዙ ዶሮ በአንገቱ ተነክሶ እዚያው ከተገኘ ግን ሌባው በጠባብ ቀዳዳ የሚሾልክ ትንሽ አውሬ ነው።

መከላከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በቀን የዶሮውን ቤት በር ዘግተህ ከውስጥ ተመልከት፤ ብርሃን በገባበት ሁሉ ሌባም ሊገባ ይችላል። አውራ ጣትህን የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ ወንፊት ሽቦ ድፈነው። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ብርቱ አውሬ ይቀደዋል። ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ብትቀብረው ቈፋሪውም ይቸገራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየማታው ጀምበር ስትጠልቅ ቈጥሮ መዝጋት ነው፤ ዶሮ በጨለማ አጥርታ አታይምና ሌባ ሲመጣባት ከቆጧ ሸሽታ አታመልጥም።

ጫጩቶችን ሁለት ወር እስኪሞላቸው ድረስ ከእናታቸው ጋራ በተከደነ ሥፍራ አውላቸው። ድመት ጠግባም ታድናለችና «አብልቻታለሁ» ብለህ አትመን። ቡችላን ደግሞ በገመድ ይዘህ ከዶሮዎቹ አጠገብ አስቀምጠው፤ ዝም ብሎ ሲያያቸው አመስግነው፤ እስክታምነውም ድረስ ብቻውን ከእነሱ ጋራ አትተወው። ጥፋት ከሠራ ከሰዓታት በኋላ መደብደብ ፍርሃትን እንጂ ትምህርትን አይሰጠውም፤ ስለ ምን እንደ ተመታ አያውቅምና።

መርዝን ግን ከቶ አትንካ። መርዝ በዳዩን ለይቶ አያውቅም፤ የጎረቤትን ውሻ፣ አሞራውን፣ ከዚያም አልፎ ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ያ ተማሪ ቀዳዳውን በአሮጌ ቆርቆሮ ደፈነው። እናቱ ከተረፉት ሁለት ዶሮዎች አንዷን አሳቅፈዋል። ውሻውም በሕይወት አለ፤ ማታ ማታ ከዶሮው ቤት ደጃፍ ይተኛል። አንተም ዛሬ ማታ ፋኖስህን ወይም ባትሪህን ይዘህ ወደ ጓሮ ብቅ በል፤ መቀርቀሪያውንም በእጅህ ነክተህ እይ።