የስክሪናችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በግቢያችን ስለ ኮምፒዩተር መጻፍ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ርስት ነው የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በበኩላችን ድርሰታችንን በላፕቶፕ ጽፈን ካስረከብን በኋላ፣ ስለ ማሽኑ የውስጥ ነገር መጠየቅን የማይመለከተን ሥራ አድርገን ትተነዋል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የሽቦና የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም ባይ ነኝ። በገንዘባችን በገዛነው ዕቃ ላይ ማን ያዛል የሚል ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ደግሞ ዱሮም ቢሆን የእኛ ነው። ስለዚህ ስለ ግራፊክስ ድራይቨር እጽፋለሁ።

ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 10 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ ቀርቶበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያና ከተወሰነ ዘመን ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ካላገኘ፣ በደንቡ መሠረት አይጫንም። እንግዲህ ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ወይም በሁለተኛ እጅ የተገዛ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ ምን ያድርግ? ማሽኑ ገና ደኅና ነው፤ የተፈረደበት ግን እንደ አሮጌ ዕቃ ነው። ለዚህ ተማሪ ያለው መውጫ ሊኑክስ ነው። በነፃ ይገኛል፤ በአንድ ፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞራል፤ አባዝቶ ለጓደኛ መስጠትም በፈቃዱ የተጻፈ መብት ነው።

ታዲያ ኡቡንቱን ሐሙስ ጭኖ እሑድ ክራክ ወደ ተደረገ ዊንዶውስ የተመለሰው ተማሪ ስንት ነው? ምክንያቱን ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው። «ስክሪኑ ጠቆረብኝ» ይላችኋል። ቀጥሎም ፍርዱን ያክልበታል፤ «ሊኑክስ አይረባም»። እኔ የምቃወመው ይህን ፍርድ ነው። ጥፋት መኖሩን አልክድም፤ ተከሳሹ ግን ሌላ ነው።

ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል የሚናገረው ቋንቋ ሌላ፣ በስክሪኑ ላይ ምስሉን የሚሥለው የግራፊክስ ካርድ የሚሰማው ቋንቋ ሌላ ነው። በመካከላቸው ቆሞ ትእዛዙን የሚያቀባብል ፕሮግራም ያስፈልጋል። አስተርጓሚው በጠፋ ጊዜ ካርዱ ዲዳ ይሆናል። ባለበትም ጊዜ ሁለቱ ወገኖች በእርሱ ታማኝነት ላይ ያድራሉ። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ ሌላ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ያመጣውን መዘዝ ለተማረ ሰው፣ ማመሳከር የማይቻል ትርጉም ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ምሳሌው ለአንዲት ካርድ አልበዛባትም ወይ የሚል ይኖራል። ይበዛባት ይሆናል፤ ነጥቡ ግን ያው ነው። አንድ ድራይቨር ሶርስ ኮዱ ክፍት ከሆነ ማንም የሚችል ሰው አንብቦ ያርመዋል፤ ዝግ ከሆነ ግን የምናውቀው አስተርጓሚው አንድ ነገር መናገሩን ብቻ ነው።

ወደ ጥቁሩ ስክሪን እንመለስ። የሊኑክስ ከርነል በየጊዜው ይታደሳል፤ ሠሪዎቹም የውስጥ አሠራሩን እንደ አስፈላጊነቱ የመለወጥ ነፃነታቸውን እንደማይለቁ በግልጽ ጽፈው አስታውቀዋል። በከርነሉ ውስጥ ገብቶ አብሮ የሚኖር ክፍት ድራይቨር ሲሆን፣ አሠራሩን የለወጠው ሰው ድራይቨሩንም በዚያው እጁ ያስተካክለዋል። በውጭ የቀረ ድራይቨር ግን ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደ አዲስ መገጣጠም አለበት። ይህንን ሥራ ብዙ ጊዜ ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ከጀርባ ሆኖ ያከናውነዋል። አንድ ቀን መገጣጠሙ የከሸፈ እንደ ሆነ ግን ተማሪው ማሽኑን ሲያበራ የሚጠብቀው ባዶ ጥቁር ገጽ ነው። (በዚህ ጊዜ ማሽኑ ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ መግባት ይቻላል። ኡቡንቱ አሮጌውን ከርነል ወዲያው የማያጠፋው ለዚህ ነው። ይህችን አንዲት ነገር የሚያውቅ ሰው በአንድ ዶርም ውስጥ ቢገኝ ስንት የጠፋ የቤት ሥራ በዳነ!)

ሁለተኛው መሰናክል ሴኪዩር ቡት ነው። ይህ ጥበቃ የታወቀ ፊርማ የሌለው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር እንዳይቀላቀል ይከለክላል። ስለዚህ ድራይቨሩ እዚያው ማሽኑ ላይ ሲገጣጠም ኡቡንቱ አንድ የይለፍ ቃል እንድናወጣ ይጠይቀናል፤ ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሣም ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ቁልፉን እንድንመዘግብ ይጋብዘናል። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚጠብቀንም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሰውም ደንግጦ ወይ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ወይ «ቀጥል» የሚለውን ይጫናል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ ተጭኗል፤ ዳሩ ግን አይሠራም። በዚህ ብቻ ሳይበላሽ «ተበላሸ» የተባለ ላፕቶፕ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ በውጭ የቀረው ድራይቨር የማን ነው? የኢንቴል ግራፊክስ ያለበት ማሽን ላይ ይህ ጣጣ በአመዛኙ የለም፤ ድራይቨሩ ክፍት ሆኖ በከርነሉ ውስጥ ይኖራልና ተማሪው የሚጭነው ነገር የለውም። ኤኤምዲም በ2007 የካርዶቹን የአሠራር ሰነድ ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ፤ ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው አዲሱ ክፍት ድራይቨሩም በ2015 ከርነሉ ውስጥ ገባ። የቀረው ኤንቪዲያ ነው። ይህ ኩባንያ ለሊኑክስ ድራይቨር አልሠራም ብሎ መክሰስ ሐሰት ይሆናል። ሠርቷል፤ ፈጣንም ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ዘግቶ ነው የሰጠው። ቤቱን አከራይቶ ቁልፉን በኪሱ እንዳስቀረ ባለቤት ነበር ማለት ነው።

በጎ ፈቃደኞች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ካርዱ ሲታዘዝ እየተመለከቱ፣ ቋንቋውን ከውጭ ሆነው እያጠኑ ኑቮ የተባለውን ክፍት ድራይቨር ሠሩ። ቃሉ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2010 በወጣው 2.6.33 ከርነል ውስጥም ገባ። ቋንቋን ያለ መዝገበ ቃላትና ያለ አስተማሪ መማር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሥራ ባርኔጣውን ያነሣል። ይሁን እንጂ ከ2014 ወዲህ፣ ከጂፎርስ 900 ተከታታይ ጀምሮ፣ ካርዶቹ የኩባንያው ፊርማ የሌለበትን ፈርምዌር አንቀበልም የሚሉ ሆኑ። ስለዚህ ኑቮ የእነዚያን ካርዶች ፍጥነት ከዝቅተኛው ደረጃ ከፍ ማድረግ ተሳነው። ፈረሱ አለ፤ ልጓሙ ግን ከሻጩ ዘንድ ቀረ።

በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ (ተማሪ ሳለ ስለ ጀመረው አንቱ አልለውም) በጁን 2012 በፊንላንድ አገር በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ ኩባንያ ተጠይቆ፣ ከገጠሙን ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው እርሱ ነው አለ። ወደ ካሜራው ዞሮ በጣቱ ያሳየው ምልክት ግን ለዚህ መጽሔት የሚሆን አይደለም። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2022፣ ኩባንያው ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶቹ ከከርነሉ ጋር የሚገናኘውን ክፍል ሶርስ ኮድ ከፈተ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ከከርነሉ በላይ የሚሠራው ሰፊው ክፍል እስካሁን ዝግ ነው፤ በካርዱ ላይ የሚኖረው ፈርምዌርም እንዲሁ።

አሁን በሁለተኛ እጅ የተገዛውን ላፕቶፕ አስታውሱ። የተከፈተው ለአዲሶቹ ካርዶች ነው። አሮጌዎቹን በሚመለከት 390 የተባለው የድራይቨር ተከታታይ በ2022 መጨረሻ፣ 470 የተባለው በ2024 ድጋፋቸው አበቃ። በ2025 ደግሞ ኩባንያው 580 የተባለው ተከታታይ ለማክስዌልና ለፓስካል ካርዶች የመጨረሻው መሆኑን አስታወቀ። ኑቮ እነዚህን ካርዶች እንደ ልቡ ማስሮጥ ያልቻለበትን ምክንያት አይተናል። እንግዲያስ ሀብታሙ አገር የጣለው ካርድ ወደ እኛ ሲደርስ፣ ቁልፉ ግን አብሮት አይመጣም። ከርነሉ ይታደሳል፤ ዝጉ ድራይቨር እዚያው ይቀራል፤ ባለ ላፕቶፑም ወይ አሮጌ ከርነል ይዞ ይቀመጣል፣ ወይ ዘገምተኛውን ምስል ይታገሣል። «ሊኑክስ አይረባም» የሚለው ፍርድ የተሰጠው እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳያዩ ነው።

በሌላ ወገን፣ ዝግ የሆነ ነገር ፈጽሞ በማሽናችን አይድረስ የሚሉ ጽኑዓን አሉ። እነርሱን መናቅ አይገባም። ሚስተር ሪቻርድ ስቶልማን በ1980 ገደማ በኤምአይቲ ቤተ ሙከራ ሳሉ ወረቀት እየቆረጠመ ያስቸግር የነበረውን አዲስ ፕሪንተር ለማስተካከል ሶርስ ኮዱን ጠየቁ፤ በእጁ የነበረው ሰው ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከላቸው። በ1983 ያወጁት የግኑ እንቅስቃሴ አንዱ ሥሩ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ ጠቡ የተነሣው በፕሪንተር ሶፍትዌር ነው! የሊኑክስ ከርነል ራሱ ዝግ ድራይቨር ሲገባበት «ረክሻለሁ» የሚል ምልክት በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ሠሪዎቹም ምልክቱ ያለበትን ማሽን አቤቱታ ላይቀበሉ ይችላሉ። የእኛ አገር ሰው ይህን ቋንቋ ለመረዳት አይቸገርም።

ነገር ግን ጾሙን ለሁሉ ማወጅ አይቻልም። የዴቢያን ሰዎች ነፃ ያልሆነውን ፈርምዌር ከዋናው መጫኛቸው ለብዙ ዘመን ለይተው ካቆዩ በኋላ፣ በ2022 ድምፅ ሰጥተው እንዲገባ ወሰኑ፤ በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ላይም ተፈጸመ። (በጩኸት ሳይሆን በድምፅ መወሰናቸውን የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።) የእኔም አሳብ ወደዚሁ ያዘነብላል። ማሽኑ የግድ ዝጉን ድራይቨር የሚፈልግ ከሆነ ይጫን። ሲጫን ግን ከኩባንያው ገጽ በቀጥታ የሚወርደውን ፋይል ሳይሆን፣ በኡቡንቱ «ተጨማሪ ድራይቨሮች» በሚለው ገጽ በኩል ይሁን፤ ከርነሉ ሲታደስ የሚከታተለው እርሱ ነውና። ከኩባንያው ገጽ የሚወርደው ፋይል ከ300 ሜጋባይት በላይ መሆኑን፣ እኛም በሞባይል ፓኬጅ የምንኖር መሆናችንን አትርሱ። ላፕቶፑ የኢንቴልና የኤንቪዲያ ሁለት ካርድ ያለው እንደ ሆነ ደግሞ፣ ድርሰት ለመጻፍና ፊልም ለማየት የኢንቴሉ ይበቃል፤ ሌላው ይተኛ።

ዋናው ግን ድራይቨር የሚመረጠው ማሽኑ ከተገዛ በኋላ አይደለም፤ ሲገዛ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለኮምፒዩተር ክፍሎቹ ጨረታ ሲያወጣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የሜሞሪውን መጠን በዝርዝር ይጽፋል። «የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ክፍት ሆኖ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የሚገኝ ይሁን» የሚል አንድ መስመር ቢጨምርበት ምን ይጎድልበታል? ማኅበራችንስ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ለአንድ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ፣ የኡቡንቱን ፓኬጆች ከነድራይቨራቸው በቢሮው ቢያኖር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም የሚያግዝ ሁለት ሰው ቢመድብ፣ ስንቱ አዲስ ተማሪ ከሐሙስ ወደ እሑዱ ሽሽት በዳነ ነበር።

እነዚህን ሁለት አሳቦች በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በጽሑፍ አቀርባለሁ። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተቃውሞ ካላቸው መልሳቸውን ይዘው ይምጡ፤ ቅዳሜ የሚያግዙትን ሁለት ሰዎችም ከመካከላቸው ቢያመጡ እሰየው።