«አቁሙ» የሚለው ማን ነው?

መቼም ስለ መድፍ ሲወራ ጆሮውን የማያቆም ሐበሻ የለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን፣ ሠራዊታቸው ገደል እየናደና መንገድ እየጠረገ መቅደላ ድረስ እንደጎተተው እየሰማን አድገናል። በ1868 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) እንግሊዞች ሲመጡ ግን ያ ሁሉ ላብ የፈሰሰበት መድፍ ያዳነው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «ምነው እኛም በኖረን!» የሚለው ቁጭት ከደማችን አልወጣም። የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚሁ ነው፤ መድፉ አሁን የት ደረሰ? እኛንስ የት አደረሰን?

ውድ አንባብያን፣ ኦስሎ የምንኖር ሰዎች የጉዳዩ ጎረቤቶች ነን። ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ ራውፎስ ይደርሳሉ። ናሞ የሚባለው የጥይት ፋብሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው፤ ግማሹ የኖርዌይ መንግሥት፣ ግማሹ የፊንላንዱ የፓትሪያ ኩባንያ ሀብት ነው። ይህ ፋብሪካ ከአሜሪካው ቦይንግ ጋር ሆኖ፣ በጁን 2022 በሰሜን ኖርዌይ አንዶያ ላይ አዲስ ዓይነት የ155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት ተኩሶ ሞከረ። የተለመደው ጥይት 30፣ ቢበዛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አዲሱ የታሰበው ግን 150 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ነው።

ምስጢሩ ለባላገር ልጅ አይከብድም። ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል ከሰሉን በወናፍ ይነፋል። ሮኬት ነዳጁንም፣ ነዳጁን የሚያነድለትን ኦክስጅንም ተሸክሞ ስለሚሄድ ሸክሙ ይበዛል። ይህኛው ጥይት ግን ነዳጁን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከመድፉ አፍ ከተወነጨፈ በኋላ በፍጥነቱ አየሩን በአፍንጫው እየሳበ ለራሱ ወናፍ ይሆናል። 150 ኪሎ ሜትር ስንት ነው ቢሉ፣ ጃን ሜዳ ላይ ቢተክሉት አዳማም፣ ደብረ ብርሃንም፣ አምቦም፣ ወሊሶም ከእጁ አያመልጡም።

ዘመኑን ለማየት ደግሞ ይህን ስሙ። በ2023 የዩክሬን ጦርነት የጥይት ረሃብ ባመጣ ጊዜ፣ የናሞ ሥራ አስኪያጅ ፋብሪካውን ማስፋት አልቻልንም፣ የአካባቢውን መብራት የቲክቶክ መረጃ ማከማቻ ወሰደብን ሲሉ አቤቱታ አሰሙ። የመድፍ ጥይትና የድመት ፊልም ለአንድ ኤሌክትሪክ ሲሻሙ ማየት ለእኛ ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው።

ኖርዌጂያኖችም የመድፍ ታሪክ አላቸው። ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ሌሊት ብሉኸር የምትባለው የጀርመን የጦር መርከብ ወደ ኦስሎ ስትገሰግስ፣ ድሮባክ አጠገብ ካለው የኦስካርስቦርግ ምሽግ ሁለት አሮጌ መድፎች ተተኮሱባት። ስማቸው ሙሴና አሮን ነው! ከአርባ ዓመት በላይ ያረጁ የክሩፕ ሥሪቶች ነበሩ። ቶርፒዶም ተጨምሮባት መርከቧ ሰጠመች፤ ንጉሡና ፓርላማው ከኦስሎ ለመውጣት ጊዜ አገኙ። ልብ በሉ፣ መርከቧ ከሁለት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነበረች። ተኩሱ ያለው አዛዥ ኮሎኔል ቢርገር ኤሪክሰን ነው። ስሙ እስከ ዛሬ ይታወቃል፤ ምስጋናውም ተጠያቂነቱም የእሱ ነበር።

በአንድ ወቅት ግሮንላንድ ሠፈር ቡና ስንጠጣ፣ በደርግ ጊዜ መድፈኛ የነበሩ አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው ይህን አጫወቱኝ። «ልጄ፣ እኛ የምናውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ማዶ ኮረብታ ላይ በመነፅር የሚያይ ጓድ አለ። ወደ ግራ ሁለት መቶ ይላል፣ እናስተካክላለን፣ እንተኩሳለን። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስተኩስ ጥይቴ የወደቀበትን አንድም ቀን አላየሁም። እሱ ግን ያይ ነበር። አንድ ቀን፣ አቁሙ፣ ከብት የሚነዱ ልጆች አሉ አለን። አቆምን።»

እጁ በረዘመ ቁጥር ያ «አቁሙ» የሚለው ጓድ የት ይሄዳል? የእኔ ጥያቄ ይኸው ነው።

ድሮን ዐይን አለው፣ ከመነፅርም የተሻለ ያያል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ጃንዋሪ 2022 ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት ተመትቶ ከሃምሳ በላይ ሰው አለቀ። ኦገስት 2023 ፍኖተ ሰላም ላይ ከሃያ በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት በኖቬምበር 2020 ከትግራይ የተተኮሰ ሮኬት ጎንደርና ባሕር ዳር፣ አስመራም ድረስ ደርሷል። ለደደቢትም ሆነ ለፍኖተ ሰላም «አዎ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ያለ ኤሪክሰን አልሰማንም። ዐይኑ ነበረ፤ የጠፋው «አቁሙ» የሚል አፍና ኋላ የሚጠየቅ ስም ነው።

እኛስ? ወገን፣ እውነቱን እንነጋገር። የእኛ ወገን የምንለው ሲመታ «ደግ አደረገ!»፣ ሲመታብን ደግሞ «የዓለም ሕዝብ የት አለ?» እንላለን። ጠላት ሲመጣ በዱላ እንጠብቀው ወይ የሚል ይኖራል። አላልኩም። ዩክሬን ያለ መድፍ ምን ትሆን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የምለው ረዥም እጅ ያለው ሁሉ ረዥም ተጠያቂነት ይኑረው ነው።

የኦስሎን ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዲሴምበር 2008 የክላስተር ቦምብን የሚያግደው ውል የተፈረመው እዚያ ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉትም እዚያው ነው፤ ዓመት ሳይሞላ ጦርነት ተነሣ። በጁን 1998 መቀሌ ዐይደር ትምህርት ቤት ላይ ከኤርትራ አውሮፕላን የተጣለው ክላስተር ቦምብ ከሃምሳ በላይ ሰው ሲፈጅ ያየን ሕዝብ ሆነን፣ ኢትዮጵያም ኤርትራም ያን ውል አልተቀበሉም።

እንግዲህ ሥራ አለን ማለት ነው። የኖርዌይ ፓርላማ ጦርነት ወይም የእርስ በርስ ውጊያ ላለበት አገር መሣሪያ አይሸጥም የሚል አቋም የያዘው በ1959 ነው። ለዩክሬን ሲባል በ2022 በር ተከፍቷል፤ ምክንያቱም ይገባናል። በሩ ወደ የት ወደ የት እንደሚከፈት መጠየቅ ግን እዚህ ግብር የሚከፍልና ድምፅ የሚሰጥ ሰው መብት ነው። ወደ አገር ቤት ደግሞ ውሉን ፈርሙ ብሎ መጻፍ ፓርቲም ብሔርም አይጠይቅም። ደደቢት ለሞተው የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ ፍኖተ ሰላም ለሞተው የትግራይ ልጅ ይጻፍለት። ያን ቀን ነው ከኮረብታው ላይ «አቁሙ» የሚል ጓድ ያገኘነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ወሬ ያሰማን!