ልጅ የሚያየውን ወላጅም ይየው

በካልጋሪ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከ17ኛው አቬኑ በስተሰሜን በምትገኘው ፔንብሩክ ሜዶውስ፣ ክረምቱ ሲጠና ውጭ የሚጫወት ልጅ አይታይም። ብርዱ ከዜሮ በታች 25፣ ሲብስም 30 ይገባል። ዥዋዥዌው በበረዶ ይዋጣል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። አባት ለሌሊት ፈረቃ እንዲሆነው ጥቂት ለመተኛት ይሞክራል፤ እናት ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ገና አልተመለሰችም። ከትምህርት ቤት የመጡትን ልጆች ተቀብሎ የሚያጫውታቸው ቴሌቪዥኑ ነው። በአገር ቤት አያት ትሠራው የነበረውን፣ ይኸውም ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ "ተረት ተረት" ማለትን፣ እዚህ የተረከበው እርሱ ነው።

አባት ከእንቅልፉ ነቅቶ ሳሎን ብቅ ሲል የሚያየው ያስደነግጠዋል። ራሱን የተላጨ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ቀስት ያለበት ልጅ በነፋስ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሌላው ከእጁ እሳት ይተፋል፤ መናፍስት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ አባት "ይህ ጥንቆላ ነው፣ ዝጉት!" ብሎ ይቆጣል። ሌላው ደግሞ "ካርቱን አይደል? ይዩት" ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ልጆቹ የሚያዩትን ቁጭ ብለው አላዩትምና። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የተባለው፣ ከመፍረድ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል።

ብዙውን ጊዜ ያ ባለ ቀስት ልጅ የሚገኝበት ተከታታይ ፊልም "አቫታር፡ ዘ ላስት ኤርቤንደር" ይባላል። በአሜሪካው የልጆች ጣቢያ በኒክሎዲዮን ከየካቲት 2005 እስከ ሐምሌ 2008 የታየ ሲሆን (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ በሦስት ክፍል የተከፈሉ 61 ታሪኮች አሉት። እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። ፈጣሪዎቹ ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒዬትዝኮ ናቸው። በሙያው ዘንድ ከፍ ያለ ክብር ያለውን የ2008 የፒባዲ ሽልማት አግኝቷል። ከተሠራ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም አዲስ ልጆች ዛሬም እየተመለሱ ያዩታል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። የውሃ፣ የምድር፣ የእሳትና የነፋስ የሚባሉ አራት ሕዝቦች አሉ። በየሕዝቡ መካከል ያንን ነገር በእጁ እንቅስቃሴ የሚያዝዝ ሰው ይወለዳል። አራቱንም ማዘዝና ሰላም መጠበቅ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አቫታር ይባላል። የእሳት ሕዝብ ገዢዎች ዓለምን ለመያዝ ጦርነት ያነሣሉ፤ የነፋስን ሕዝብም እስከ መጨረሻው ይፈጃሉ። የ12 ዓመቱ አንግ በበረዶ ውስጥ 100 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ ወገኖቹ በሙሉ አልቀው፣ አገሩ ባዶ ሆና ያገኛታል። የሚያነቁት ካታራና ሶካ የሚባሉ እኅትና ወንድም ናቸው። እናታቸውን ጦርነቱ ወስዷታል፤ አባታቸው ዘምቷል፤ ያሳደገቻቸው አያታቸው ናት።

እዚህ ላይ የአገሩን ታሪክ የሚያውቅ ወላጅ ቆም ማለት አለበት። እናቱን በጦርነት ያጣ፣ አባቱ የሄደበት፣ በአያት እጅ ያደገ ልጅ ለኢትዮጵያዊ የፈረንጅ ተረት አይደለም። በፔንብሩክ ሜዶውስም ሆነ በሌላው የካልጋሪ ሰፈር የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ታሪክ ነው። ከቀይ ሽብር ያመለጠ፣ በመተማና በገዳሪፍ በኩል በእግሩ ሱዳን የገባ፣ ናይሮቢ ወይም ካርቱም ወረቀት ሲጠብቅ ዓመታት የቆጠረ፣ ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ አገር በተነሡት ጦርነቶች ዘመዱን ያጣ ሰው በየቤቱ አለ። ልጁ ግን ይህን አያውቅም። ወላጅ "ልጄን ለምን አስጨንቃለሁ" ብሎ ዝም ብሏል፤ ወይም በልጁ እንግሊዝኛ ሊናገረው አልቻለም፤ ልጁም በወላጁ አማርኛ ሊሰማው አልቻለም። ስለዚህ ስደት ምን እንደ ሆነ ከአባቱ ሳይሆን ከካርቱን ይማራል።

በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ስደተኞች ባ ሲንግ ሴ ወደምትባል ታላቅ ከተማ በጀልባ ለመሻገር የሚሰለፉበት ታሪክ አለ። ወረቀት የጎደለው ሰው ፊት መስኮቱ ይዘጋበታል። ንብረታቸውንና ትኬታቸውን የተዘረፉ ባልና ነፍሰ ጡር ሚስት በአደገኛው መንገድ ለማለፍ ይገደዳሉ፤ ሴትዮዋም በመንገድ ላይ ትወልዳለች። ሕፃኗንም ተስፋ ብለው ይጠሯታል። በካምፕ ወይም በመንገድ የወለደችና ልጇን በዚያው ስም የጠራች እናት ይህን ከልጇ ጋር ብታየው፣ ለዓመታት አልወጣ ያላት ወሬ በራሱ ጊዜ ይወጣላት ይሆናል።

ከተማዪቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ከግንቡ ውጭ ጦርነቱ እየነደደ፣ በከተማው ውስጥ ስለ ጦርነት ማውራት ክልክል ነው። የሚናገረውን የሚወስዱ የስውር ፖሊሶች አሉ፤ የተወሰደውም ሲመለስ ደንዝዞ የተነገረውን ብቻ ይደግማል። ጋዜጣ ሲዘጋ ያየ፣ ጎረቤቱን ፈርቶ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ የሰማ ሰው ይህን ለልጁ ለማስረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ ለአባቶች የሚሆነው ግን የዙኮ ታሪክ ነው። ዙኮ የእሳት ንጉሥ ልጅ ነው። በ13 ዓመቱ በአባቱ የጦር ሸንጎ ገብቶ፣ አንድ ጄኔራል ገና ልምድ የሌላቸውን ምልምል ወታደሮች ማታለያ አድርጎ ሊያስፈጃቸው ሲል ይሰማል፤ "ይህ ክህደት ነው" ብሎ ይቃወማል። አባቱ ተዋረድኩ ብሎ ለፍልሚያ ያቆመዋል። ልጁ ተንበርክኮ ይለምናል፤ አባት ግን ፊቱን በእሳት አቃጥሎ ከአገር ያባርረዋል። ከዚያ በኋላ ዙኮ የሚሮጠው ያ አባት አንድ ቀን እንዲወደው ነው። አጎቱ አይሮ ግን የገዛ ልጁን በጦርነት ቀብሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ የወንድሙን ልጅ ሻይ እያፈላ፣ እየቀለደ፣ እየታገሠ ይከተለዋል። ዙኮ በበደለው ጊዜ እንኳ አይተወውም። በመጨረሻ ይቅርታ ሊለምን ሲመጣ አጎት ንግግሩን ሳያስጨርሰው ያቅፈዋል።

ይህን የሚያይ የዐሥር ዓመት ልጅ በዝምታ የሚያስበው ነገር አለ፤ አባቴ የትኛውን ይመስላል? ጥያቄው ከባድ ነው። በአገር ቤት ቁጣና ልምጭ ፍቅር ተብለው ያደጉ አባቶች አሉ። እዚህ አገር ልጁን የመታ ሰው ሕግ እንደሚጠብቀው ስለሚያውቁ እጃቸውን ሰብስበዋል፤ ነገር ግን በእጁ ፋንታ ዝምታው መጥቷል። ልጁ ግን ከአባቱ የሚፈልገው አለመመታትን ብቻ አይደለም፤ እንደ አይሮ አጠገቡ ቁጭ የሚል ሰው ይፈልጋል። ከአንድ ካርቱን ይህን መማር አያሳፍርም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚለው ተረት ለፌዝ የተነገረ ቢሆንም፣ በስደት አገር ለወላጁ ደብዳቤ የሚያነብ፣ ከሐኪም ጋር የሚያስተረጉም ልጅ ሲያስተምር ማየት የተለመደ ነው።

የአይሮን ድምፅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የተጫወተው ተዋናይ ማኮ ይባላል። በ1933 በጃፓን ኮቤ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የአገሩን ወታደራዊ አገዛዝ በመቃወማቸው የታሠሩ የሥዕል ሰዎች ነበሩ። በ1939 ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ልጃቸውን ለአያት ትተውት ሄዱ። የተገናኙት በ1949 ነው። ዐሥር ዓመት! "እስክወስድህ ድረስ ከአያትህ ጋር ሁን" ብሎ ልጁን ትቶ የወጣ ኢትዮጵያዊ፣ በስልክ ድምፁን እየሰማ ያሳደገ፣ በመጨረሻ በአየር ማረፊያ ቁመቱ የበለጠውን ጎረምሳ የተቀበለ ወላጅ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ማኮ በ2006 አረፈ። በዚያው ዓመት አይሮ በኮረብታ ላይ ስለ ሞተው ልጁ የሚያለቅስበት ታሪክ ለእርሱ መታሰቢያ ተደረገ።

አሁን ወደ ወላጆች ስጋት እንመለስ። አንደኛው የሃይማኖት ነው፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። "አቫታር" የሚለው ቃል ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን በሂንዱ እምነት የአምላክን መውረድ ያመለክታል። በፊልሙም አቫታር ሞቶ በሌላ ሕዝብ መካከል ዳግመኛ ይወለዳል፤ መናፍስት ይናገራሉ፤ በሁለተኛው ክፍል ማብቂያ አካባቢም አንድ መምህር በሰውነት ውስጥ አሉ ስለሚባሉ የኃይል ምንጮች ያስተምራል። በአንጻሩ የእጅና የእግሩ እንቅስቃሴ ድግምት ሳይሆን ከቻይና የትግል ጥበቦች የተወሰደ ነው፤ ለምሳሌ የውሃው ከታይ ቺ። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ወላጅ "ይህ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ተረት ነው፤ የእኛ እምነት ስለ ሞትና ስለ ነፍስ የሚለው ግን እንዲህ ነው" ብሎ ማስረዳት ይችላል። ይህን ያልሰማ ልጅ ፊልሙን ባያየውም እንኳ ጥያቄውን ከጓደኞቹ ይሰማዋል። የቤቱን መልስ ይዞ መስማቱ ይሻላል።

ሁለተኛው የጠብ ነገር ነው። ካርቱኑ በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ ለ7 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ምናባዊ ጠብ ያለበት የሚል ነው። በካናዳ ቴሌቪዥን ላይ የሚታዩትን ምልክቶችም ማወቅ ይጠቅማል። "ሲ" ለሕፃናት ሁሉ፣ "ሲ8" ከ8 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ "ጂ" ለቤተሰብ፣ "ፒጂ" ወላጅ አጠገብ ቢኖር የሚመረጥ ነው፤ ከዚያ በላይ "14+" እና "18+" አሉ። ደም ብዙ የለም፤ ሆኖም በሦስተኛው ታሪክ አንግ የመምህሩን አፅም ያገኛል። በሦስተኛው ክፍል ስምንተኛ ታሪክ ላይ አንዲት አሮጊት የሰውን ደም በማዘዝ ሰዎችን እንደ አሻንጉሊት ታንቀሳቅሳለች፤ ትንንሾችን ማታ ያስፈራል። በዚያው ክፍል 16ኛ ታሪክ ካታራ የእናቷን ገዳይ አግኝታ፣ ልትገድለው ስትችል ትተወዋለች። ይህኛው ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ጦርነትን በዓይኑ አይቶ የመጣ ልጅ ያለበት ቤት ግን ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ የሚነድ መንደርና የሸሸ ሕዝብ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ጨዋታ አይደለም። ከተረበሸ፣ ካልተኛ፣ ፊልሙ ይቁም።

በ2024 ኔትፍሊክስ በሰዎች ያሠራው፣ በቫንኩቨር የተቀረጸው ስምንት ክፍል ፊልም በአንድ ስም ስለሚጠራ ሊያሳስት ይችላል። በዚያ ውስጥ ሰው ሲቃጠል ፊት ለፊት ይታያል፤ በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃም ለ14 ዓመት ነው። ስሙን ብቻ አይቶ ለትንሽ ልጅ መክፈት አይገባም።

"የራስን ተረት ትቶ የሰው ተረት ማሳየት ለምን?" የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ከ1964 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት የነገሩት፣ በ2017 ያረፉት አባባ ተስፋዬ ስንቱን አሳደጉ! ከእርሳቸው በኋላም ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ከ2006 ጀምሮ ትንሿን ቀጭኔ በአማርኛ አናግረዋል። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከዚያ ይጀምሩ። የአማርኛው ተረት ግን የፈረንጁን በመከልከል ብቻ አይገባም፤ የሚናገረው ሰው አጠገብ ሲኖር ነው የሚገባ።

ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት እውነት ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ጊዜ ከየት ያምጣ? ሆኖም የሚጠየቀው በሳምንት አንድ ታሪክ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ነው። እሑድ ቡናው እየተፈላ ይታይ። እንግሊዝኛው የማይገባት እናት ልጇን በአማርኛ እንዲያስረዳት ትጠይቀው፤ ልጁ ቃል ሲያጣ ትስጠው፤ አማርኛ መማር ማለት ይህ ነው። ሲያልቅም አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፤ "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ከዚያ ልጁ ተራውን ሊጠይቅ ይችላል፤ "አባዬ፣ አንተስ ከአገርህ ስትወጣ?" ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ መመለስ የአባት ፋንታ ነው። በዚያች ሰዓት "ተወው፣ የድሮ ነገር ነው" ብሎ የተነሣ አባት፣ ልጁ ዳግመኛ ላይጠይቀው ይችላል።