ቦሎቄው ከሳህኑ ለምን ይባረራል?



ስለ ቁርስ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ «ማኅበሩ ሌላ ሥራ አጣን?» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በባዶ ሆድ የሚማር የለምና፣ በሆዳችን ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ይመለከተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር የምንማር ኢትዮጵያውያን ከምንመገብባቸው የተማሪ ምግብ ቤቶች በአንደኛው በር ላይ በዚህ ወር አንድ ወረቀት ተለጠፈ። «ባህላዊው ቁርስ» ከእንግዲህ ቤከን፣ ቋሊማ፣ እንቁላል፣ ብላክ ፑዲንግ የሚሉት የደም ቋሊማ፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና የተጠበሰ ዳቦ ነው ይላል። ቦሎቄ ግን «ከአሜሪካ የመጣ እንጂ ባህላዊ ስላልሆነ» የሚፈልገው ለብቻው ይክፈልበት ተብሏል። የሳህኑ ዋጋ አልቀነሰም። ይህን አንባቢ ልብ ይበል! ባህል ተከበረ ተባለ፤ የተከበረው ግን ሣጥኑ ነው።

በመጀመሪያ ፍርዱ በማን ላይ እንደሚወድቅ እንይ። ከመካከላችን ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ አብዛኛው የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ደምም አይቀምስም። እንግዲህ ከዚያ ትልቅ ሳህን ግማሹ ቀድሞውንም የእኛ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ እንቁላሉም ይቀራል። እንግሊዞች ይህን ቁርስ ቀኑን ሙሉ መሸጥ ያውቁበታልና፣ ጿሚው ወንድማችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ «እባክዎ፣ የአሳማው ስብ ሳይነካው በዘይት ይጥበሱልኝ» ብሎ ለምኖ፣ ሁለት ጭልፋ ቦሎቄ በዳቦ በልቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይመለስ ነበር። አሁን የተረፈው ግማሽ ቲማቲምና ሁለት ፍሬ እንጉዳይ ነው። የሚከፍለው ግን የቤከኑን፣ የቋሊማውንና የደሙን ጭምር ነው።

ቀጥሎ «ባህል» የተባለውን ምስክር ራሱን እንጠይቅ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወይዘሮ ቢተን በ1861 ባሳተሙት ስመ ጥር የቤት አያያዝ መጽሐፍ ለቁርስ የሚስማማውን ዘርዝረዋል። የተጠበሰ ዓሣ አለበት፤ የበግ ኩላሊት አለበት፤ የበግ ጎድን፣ ቋሊማ፣ ቤከን፣ እንቁላልና ማርማላታ አለበት። ቦሎቄ የለበትም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቲማቲምም የለበትም! ዛሬ ኩላሊቱና ዓሣው ከሳህኑ ሲጠፉ «ባህል ፈረሰ» ብሎ ያለቀሰ ምግብ ቤት አላየንም። ወረቀቱን የለጠፉት ሰዎች ባህልን ከፈለጉ ኩላሊቱን ይመልሱልን፤ የበግ ነውና በፍስክ ቀን አንጠላውም።

ቦሎቄው «ከአሜሪካ መጣ» ለሚለው ደግሞ፣ አዎን መጣ። የሃይንዝ ቆርቆሮ መጀመሪያ ለንደን በሚገኘው በፎርትነም ኤንድ ሜሰን መደብር ሲሸጥ የባለጸጎች ብርቅ ነበር። በኋላ ግን ፋብሪካው በአገሩ ላይ ተተከለ፤ ከ1959 ጀምሮም ዊጋን በምትባለው የሠራተኞች ከተማ አጠገብ ታላቅ ፋብሪካ ቆመ። የጌቶች ብርቅ የነበረው የሠራተኛው ምግብ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ባህላዊ መሆን የሚጀምረው ስንት ትውልድ ከበላው በኋላ ነው? ቤከን ራሱ በጦርነቱ ምክንያት ከ1940 እስከ 1954 በራሽን ይታደል ነበር። በነዚያ ዓሥራ አራት ዓመታት ቁርሱን ያለ በቂ ቤከን የበላ እንግሊዛዊ እንግሊዛዊነቱ ጎድሎ ነበርን?

ደግሞስ የትኛው ባህል ነው? ስኮትላንዳዊው አራት ማዕዘን ቋሊማና የድንች ቂጣ ይጨምርበታል፤ የዌልሱ ሰው የባሕር አረም ቀቅሎ ያቀርባል፤ የሰሜን አየርላንዱ ያለ ሶዳ ዳቦና ያለ ድንች ዳቦ ቁርስ አልበላሁም ይላል። በአንዲት ደሴትና በጎረቤቷ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ አንድ የምግብ ቤት ሹም በወረቀት ሊዘጋው የሚችል ሕግ የለም።

ባዕድ ይውጣ ከተባለ ቲማቲምም የአሜሪካ ተክል ነው፤ ሻዩም ከቻይና የመጣ ነው። እኛስ ብንሆን? በርበሬ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። ዶሮ ወጥን «ባዕድ አለበት» ብሎ አልጫ ብቻ የሚያደርግብን ሰው ቢነሣ ምን እንደምንለው ሁላችን እናውቃለን።

አንድ ወንድማችን ባለፈው ስብሰባ «በሰው አገር ማዕድ ላይ እንግዳ ምን አገባው?» ብሎ ነበር። ትሕትናውን እናከብራለን፤ ነገሩን ግን አንቀበልም። ከፍሎ የሚበላ እንግዳ አይደለም። ይልቁንም ያ ቦሎቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ያለው ገበሬ ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ ያመርታል፤ ከገዢዎቹም መካከል የአውሮፓ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች ይገኛሉ። የገዛ ወገናችን ላብ ሊሆን የሚችለውን እህል «አይገባህም» ሲሉን ዝም እንበል?

ሁሉም ይግባ ግን አንልም። ሐሽ ብራውን የሚባለውን በከረጢት በርዶ የሚመጣ ድንች ብዙ እንግሊዞች ይቃወሙታል፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን። የምንቃወመው አሜሪካዊ ስለሆነ አይደለም፤ ያደረ ድንችና ጎመን በመጥበሻ አገላብጦ የሚያቀርበውን የድሮውን ወጥ ቤት ሥራ ስለሚያስፈታ ነው። መለኪያችን ይህ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ይምጣ፤ ከዳቦ ጋር ይስማማ፤ የበላውንም ሰው ሥራው ላይ ያቁመው። ቦሎቄ ሦስቱንም ያሟላል።

ስለዚህ እንጠይቃለን። ወረቀቱ ይነሣ። ቦሎቄው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሳህኑ ይመለስ። ሥጋውን የማይበላ ሰው በምትኩ ቦሎቄና እንጉዳይ ይጨመርለት፤ በዘይትም ይጠበስለት። ቤከኑን የሚወድ በደስታ ይብላ፤ አንነካበትም። እነርሱም የእኛን አይንኩብን!

በመጪው ስብሰባ ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል። ፊርማችሁን ይዛችሁ ኑ።