ፊልምን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለ መናገር



«ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይባላል። የዚህን ምሳሌ እውነትነት በዚህ ዓመት በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ስለ ተማርሁ፤ የአንድን ፊልም ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር አሳጥሮ ስለ መናገር ያለኝን አሳብ ለመግለጽ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ነገሩ ለብዙዎች ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ ሆኖ አልተገኘም።

በክፍላችን በየመንፈቁ መጨረሻ አንድ ፊልም በኅብረት የማየት ልማድ አለን። የትኛው ፊልም እንደሚታይ የሚወሰነው እጅ በማውጣት ሲሆን፤ ፊልም የሚያቀርበው ተማሪ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ እንዲናገር አይፈቀድለትም። እኔ የመረጥሁት ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣውን «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ነፍቼ ተነሣሁና፤ «ይህ ፊልም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣሊያ አገር ስለ ነበረው ድኽነትና ሥራ ማጣት በጥልቅ የሚያስረዳ፤ በዓለም የታወቀ ድንቅ ሥራ ነው» አልሁ። አራት እጅ ብቻ ወጣ፤ ከአራቱም አንዱ የራሴ ነበር።

ከእኔ ቀጥሎ የተነሣው ጓደኛዬ፤ «ውሃ የሚፈራ አንድ የፖሊስ አዛዥ፤ ሰው የሚበላ ሻርክ ለማደን ወደ ባሕር ለመውጣት ይገደዳል» ብሎ ተቀመጠ። ይህም ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «ጆውስ» ነው። ከጥቂቶች በቀር ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። እውነቱን ለመናገር፤ የእኔም እጅ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ፤ «ምነው ልጄ? ፊልምህ ስለ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ንግግር ለማሳመር ሳልሞክር፤ «ብዙ ጊዜ ሥራ ያጣ አንድ አባት ነው። ሥራ ተገኘለት፤ ግን ብስክሌት ከሌለህ አይሆንም አሉት። ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን አስይዛ፤ ተይዞ የነበረውን ብስክሌት አስለቀቀችለት። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ሌባ ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ከትንሽ ልጁ ጋር የሮማን ከተማ እያሰሰ ይፈልጋል» አልኋት። እናቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ፤ «ታዲያ አገኘው?» አለች።

ስሕተቴን የተረዳሁት በዚህች ጥያቄ ነው። በክፍል ውስጥ የተናገርሁት ስለ ድኽነት ነበር፤ እናቴ የጠየቀችው ግን ስለ ሰውዬው ነው። ድኽነት ብስክሌት አይሰረቅበትም፤ ልጁም ከኋላ ከኋላው አይሮጥም።

በፊልም ሥራ ዓለም ይህ አጭር መግለጫ «ሎግላይን» ይባላል። ደራሲው ገንዘብ አውጥቶ ፊልሙን ለሚያሠራው ሰው ሙሉውን ድርሰት ከማስነበቡ በፊት የሚያቀርበው ይህንኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሠላሳ ቃላት አይበልጥም። በውስጡም አራት ነገሮች ይገኛሉ፤ ይኸውም ባለታሪኩ ማን እንደ ሆነ፤ ምን እንደሚፈልግ፤ ምን እንደሚያግደው፤ ባይሳካለት ምን እንደሚያጣ ነው። የባለታሪኩ ስም ግን አያስፈልግም። «አንቶኒዮ» ቢባል ፊልሙን ላላየ ሰው ምንም አይነግረውም፤ «ሥራ ያጣ አባት» ቢባል ግን ሁሉም ያውቀዋል። የጓደኛዬንም ዐረፍተ ነገር ያሸነፈ ያደረጉት «ውሃ የሚፈራ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው። በዚያ ፊልም የከተማው ከንቲባ የበጋው እንግዶች እንዳይቀሩበት ብሎ የባሕሩን ዳር መዝጋት እንደማይፈልግ የሚታይበት ትልቅ ክፍል አለ። ጓደኛዬ ይህን ተወው። ጥሩ ነገርን መተው መቻልም የዚህ ሥራ ዋና ክፍል ነው።

ሁለት የታወቁ ፊልሞችን ልጨምር። ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣውን «ታይታኒክ» «ስለ ሰጠመች መርከብ ነው» ብሎ መናገር ከንቱ ነው፤ መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1912 እንደ ሰጠመች ማን የማያውቅ አለ? ነገር ግን፤ «እናቷ ለሀብት ስትል ለማትወደው ሰው ያጨቻት ወጣት፤ አትሰጥምም በተባለች መርከብ ላይ ያገኘችውን ድኻ ሠዓሊ ወዳ ኑሮዋን ለመለወጥ ትነሣለች» ቢባል፤ ሰሚው ልጅቷ የማታውቀውን እያወቀ ይጨነቃል። ሁለተኛው ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው «አሥራ ሁለቱ ቍጡ ሰዎች» ነው። በአሜሪካን አገር ከሕዝብ የተመረጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በተከሳሽ ላይ አንድ ድምፅ ሆነው እንዲፈርዱ የሚደረግበት ሥርዐት አለ። ስለዚህ፤ «አባቱን ገድሏል የተባለን የ18 ዓመት ልጅ ለሞት ለመስጠት ዐሥራ አንዱ ሲስማሙ፤ አንዱ ብቻ እጠራጠራለሁ ብሎ ይቆማል» እላለሁ። ፊልሙ ከሞላ ጐደል በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ቢሆንም፤ ይህን የሰማ ሰው ወንበሩን መሳቡ አይቀርም።

ከአገራችንም ያሬድ ዘለቀ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም «ላምብ» አለ። ይህንን «ስለ ገጠር ኑሮ ነው» የሚል ሰው እኔ የሠራሁትን ስሕተት ይደግማል። እኔ ግን፤ «እናቱ የሞተችበትና አባቱ ከዘመድ ዘንድ ትቶት የሄደ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤ አጎቱ ለበዓል ይታረድ ያለውን ብቸኛ ወዳጁን፤ በጉን፤ ለማዳን ይጣጣራል» ብል እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ላሳስብ። «በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገር» የሚለው ትእዛዝ ለአማርኛ ብቻውን አይበቃም። «ሥራ አጥቶ፤ ተንከራቶ፤ ሥራ አግኝቶ፤ አንሶላ አስይዞ፤ ብስክሌቱን አስለቅቆ» እያልን እስከ ነገ ጧት ብንሄድ ዐረፍተ ነገሩ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱን ቈርጦ መጣል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው እስከዚያ ድረስ ይጠብቃል። «ያስሳል»፤ «ይቆማል»፤ «ይጣጣራል» የሚለው ቃል የሚከብደው ከበስተኋላ በመምጣቱ ነው። ከዚያ አልፎ መጨረሻውን መንገር ግን ነውር ነው። «ታዲያ አገኘው?» የሚለውን ጥያቄ ለሰሚው መተው ይገባል።

አንዳንድ ጓደኞቼ፤ «ትልቅን ሥራ ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር ማውረድ እርሱን ማዋረድ ነው» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። በር ከቤቱ ቢያንስ ቤቱን አያዋርደውም፤ በር የሌለው ቤት ግን ምንም ቢያምር ማን ይገባበታል? እውነት ነው፤ ሰውን አታልሎ እጅ ለማስወጣት ሲባል በፊልሙ ውስጥ የሌለ ደምና ጦርነት የሚጨምሩ አሉ። ይህ ግን የውሸት ጥፋት ነው እንጂ የማጠር ጥፋት አይደለም።

እኔ «ድንቅ» እና «በዓለም የታወቀ» ያልሁት የሌሎችን ምስጋና ሰምቼ ነበር። ያንን ስደግም፤ አንሶላውን አስይዞ ብስክሌቱን የተሰረቀው ሰው በእኔ ምክንያት አራት እጅ ብቻ አገኘ። የሚናገርለት ጠበቃ ያስፈልገው ነበር፤ እኔ ግን ስለ እውቀቴ ተናገርሁ። ስለዚህ መምህራኖቻችን ይህን ልምምድ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እንዲያስገቡልን፤ ወላጆቻችንም ፊልም አይተን ስንመለስ «ባለታሪኩ ማን ነበር? ምን ፈለገ?» ብለው እንዲጠይቁን በትሕትና አሳስባለሁ። መመለስ ካቃተን ፊልሙን አላየነውም ማለት ነው።

በሚመጣው መንፈቅ ይህንኑ ፊልም ደግሜ አቀርባለሁ። ዐረፍተ ነገሬም ይህ ነው፤ «ብዙ ጊዜ ሥራ ያጣ አባት፤ የሥራው መያዣ የሆነው ብስክሌት በመጀመሪያው ቀን ስለ ተሰረቀበት፤ እንጀራው ሳይቋረጥ ለማግኘት ከትንሽ ልጁ ጋር ሮማን በእግሩ ያስሳል።» እናቴ እጅ ማውጣት ቢፈቀድላት ኖሮ አምስተኛዋ እርሷ ትሆን ነበር። የቀረውን ፍርድ ለጓደኞቼ እተዋለሁ።